ትልቅ ቼዝ ስትሰሩ መጀመሪያ ባዶውን ቁጠሩ

(ለቦርድ ጌም ወዳጆች ካደረኩት ንግግር ቅጂ ላይ የተገለበጠ ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለው፣ የተሰብሳቢውን ጥያቄዎች ግን በመጡበት ቦታ ላይ ትቻቸዋለው።)

እሺ፣ ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትልቅ ቼዝ አሰራር ነው፣ ትልቅ ስል ደሞ 8 በ8 ላይ አንድ ሁለት አዲስ ጠጠር ጣል ማድረግ ማለቴ አይደለም፣ 12 በ12፣ 14 በ14፣ 16 በ16 ቦርድ፣ ሀያ ምናምን አይነት ጠጠር፣ የሚዘል፣ የሚንሸራተት፣ አንድ ተራ ላይ ሁለቴ የሚበላ፣ እንደዛ አይነቱን ነው። ይሄን ነገር መስራት የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ጠጠር ከመፈልሰፍ ነው። ዘንዶ ይግባ፣ አንበሳ ይግባ፣ ሩክና ፈረስ ይዳቀሉ ይባላል፣ ወረቀቱ ይሞላል፣ ከዛ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሲሞክረው ጨዋታው አይነሳም። አርባ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፣ ማንም ማንንም አልነካም። እኔ ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፦ ትልቅ ቼዝ የሚጀመረው በሁለቱ ሰራዊት መሀል ካለው ባዶ ቦታ ነው፣ ርቀቱን ሳትወስኑ ጠጠር አትምረጡ።

መጀመሪያ ጫፉን እንየው። ታይክዮኩ ሾጊ የሚባል የጃፓን ጨዋታ አለ፣ ሾጊ የጃፓኖቹ ቼዝ ማለት ነው፣ ቦርዱ 36 በ36 ነው፣ 1,296 ቤት። እያንዳንዱ ተጫዋች 402 ጠጠር አለው፣ ሁለቱ ሲደመሩ 804፣ የጠጠሩ አይነት 209። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ነው ከድሮ ሰነዶች ላይ እንደገና የተገኘው፣ ሰነዶቹ ራሳቸው አንዳንዱ ጠጠር እንዴት እንደሚሄድ ላይ አይስማሙም። በ2004 የጃፓን ቴሌቪዥን ሁለት ፕሮፌሽናል የሾጊ ተጫዋቾችን አስቀምጦ አጫወታቸው፣ 32 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ፈጀ፣ 3,805 እንቅስቃሴ። እኔ ይሄን ጨዋታ በጣም አከብረዋለው፣ የሰው ልጅ ሀሳብ እስከዚህ መሄድ መቻሉ ያስደስተኛል። ግን ለሚሰራ ሰው የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፣ ጠጠር መጨመር ማለቂያ የለውም፣ ቁጥሩ ላይ ከተወዳደራችሁ ከዛ ዘመን ሰዎች አትበልጡም።

አሁን ወደ ባዶው ቦታ ልምጣ፣ ይቺን ነገር በጥሞና ስሙኝ ምክንያቱም ለኔ የዚህ ስራ ቁልፍ እሷ ናት። የለመድነውን ቼዝ ውሰዱ። ወታደሮቹ 2ኛ መስመር ላይ፣ የተቃራኒው 7ኛ ላይ፣ መሀል ላይ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ አራት ባዶ መስመር አለ። ጥሩ። አሁን ወደ ስፔን እንሂድ፣ የካስቲሉ ንጉስ አልፎንሶ 10ኛ በ1283 ያስጨረሰው የጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ ትልቁ ቼዝ የሚባል አለ፣ 12 በ12፣ ቀጭኔ ያለው፣ አዞ ያለው፣ አንበሳ ያለው፣ ንጉሱ አጠገብ ደሞ አንድ ግዙፍ ወፍ የሚቆምበት። ወታደሮቹ የት ናቸው? 4ኛ መስመር ላይ። የተቃራኒው 9ኛ ላይ። መሀሉን ቁጠሩ፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ አራት። በመካከለኛው እስያው ገዢ በቲሙር ስም የሚጠራው ትልቁ ሻትራንጅ (ሻትራንጅ የድሮው ቼዝ ነው) ደሞ ከጎን 11 ወደ ላይ 10 ነው፣ ወታደሮቹ 3ኛ መስመር ላይ፣ መሀሉ አራት። የጃፓኑ ቹ ሾጊ 12 በ12፣ ወታደሮቹ 4ኛ ላይ፣ መሀሉ አራት (እዛ ውስጥ ከያንዳንዱ ወገን ሁለት ጠባቂ ትንሽ ወጣ ብለው ይቆማሉ)። ኔዘርላንዳዊው ክርስቲያን ፍሪሊንግ በ1984 የሰራው ግራንድ ቼዝ 10 በ10፣ ወታደሮቹ 3ኛ ላይ፣ አሁንም አራት። ስፔን፣ መካከለኛው እስያ፣ ጃፓን፣ ኔዘርላንድ፣ በመቶዎች አመታት የሚራራቁ ሰዎች ቦርዱን አስፍተውት ያቺን አራት መስመር ግን አልነኳትም።

ለምን? ምክንያቱም ቦርዱ ሲሰፋ ሁሉም ጠጠር እኩል አያድግም፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሩክን ተመልከቱት፣ ቀጥታ የሚንሸራተተውን፣ 8 በ8 ባዶ ቦርድ ላይ የትም ብታስቀምጡት 14 ቤት ይደርሳል። 14 በ14 ላይ 26 ሆነለት። በሰያፍ የሚንሸራተተው ቢሾፕ በአማካይ ከ8.75 ወደ 16.7 ይሄዳል። ፈረስስ? ከ5.25 ወደ 6.4 ብቻ፣ እሱም ጠርዝ ላይ የሚቆምበት አጋጣሚ ስለቀነሰ እንጂ ዝላዩ ያው ነው፣ ስምንት አቅጣጫ። ድሮ ሩክ በእንቅስቃሴ ከፈረስ 2.7 እጥፍ ገደማ ነበር፣ አሁን 4 እጥፍ አለፈ። ከጫፍ ጫፍ ለመሄድ ፈረሱ በተለመደው ቦርድ 4 ዝላይ ይበቃዋል፣ 14 በ14 ላይ 7 ያስፈልገዋል፣ ሩኩ ግን መንገዱ ክፍት ከሆነ ሁለቱም ላይ አንድ ነው። ስለዚህ ምንም ሳታስቡበት ቦርዱን ብቻ ብታሰፉት አጭር ጠጠሮቻችሁ በሙሉ ይሞታሉ፣ ተጫዋቹም ይሄ ወዲያው ይገባዋል፣ ረጃጅሞቹን ብቻ ይዞ ይጫወትና ሌላው ቆሞ ይቀራል። አራት መስመር ላይ ስታቆሙት ግን አጭሩ ጠጠር በሁለት በሶስት እንቅስቃሴ ውጊያው ውስጥ ይገባል፣ ትርፉ ቦታ ደሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከወታደሮቹ ጀርባ።

ሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ኦሜጋ ቼዝ 10 በ10 ሆኖ ወታደሩን 2ኛ መስመር ላይ ነው የተወው፣ መሀሉ ስድስት ሆነ፣ በምትኩ ወታደሩ ሲጀምር እስከ ሶስት ቤት እንዲረግጥ ፈቀደለት። ይሄም ይሰራል፣ ግን 14 ላይ ከደረሳችሁ አይበቃም።

እኔ አሁን እየሰራሁት ያለው 14 በ14 ነው፣ ወታደሮቹ 5ኛ መስመር ላይ፣ የተቃራኒው 10ኛ ላይ፣ መሀሉ 6፣ 7፣ 8፣ 9። ለያንዳንዱ ወገን 14 ወታደርና 34 ሌላ ጠጠር፣ 48። ሁለቱ 96፣ ከ196 ቤት ግማሽ ሊሆን ትንሽ ቀረው፣ ይሄም ከተለመደው ቼዝ ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። መጠጋጋቱን ቀላል ነገር እንዳታደርጉት። አልፎንሶ ላይ 48 ጠጠር በ144 ቤት ነው ያለው፣ አንድ ሶስተኛ፣ መጽሐፉ ራሱ ጨዋታውን ለማፋጠን ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ መጠቀምን ያነሳል፣ እኔ ይሄ የመጣው ሰራዊቱ ስስ ከመሆኑ ይመስለኛል። ታይክዮኩ በተቃራኒው 62 ከመቶ፣ ቹ ሾጊ 64 ከመቶ ሞልቷል፣ እነሱ ላይ ደሞ መጀመሪያ የራስን ሰራዊት ማፍታታት ራሱ ትልቅ ስራ ነው። ከግማሽ ብዙ አትራቁ ባይ ነኝ።

አሁን አጭር ጠጠሮች ላይ ቆየት ልበል፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ የኛው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ይመጣል። የድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ገዢ የራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሲጫወቱት አይቶ የጻፈለት፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ህጉን ሰብስበው ያሳተሙለት፣ ንግስትና ቢሾፕ የሉትም፣ በነሱ ቦታ ፈርዝና ፊል ነው ያለው። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት። ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፣ መሀል ያለው አይመለከተውም። ፊልን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ እድሜ ልኩን ቢዘል ከ64 ቤት 8 ብቻ ነው የሚረግጠው። አራቱም ፊሎች የየራሳቸው 8 ቤት አላቸው፣ አንዱ ፊል የሌላውን ፊል ቤት ፈጽሞ አይረግጥም፣ አይገናኙም፣ አይበላሉም። ስሌቱን ለ14 በ14ም ብትሰሩት ያው ነው፣ ከስምንት አንዱን ቤት።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ደካማ ነው ብሎ ይጥለዋል። እኔ ግን በዓለም ላይ ለትልቅ ቦርድ ከዚህ የተሻለ ጥሬ እቃ የለም ነው የምለው፣ ምክንያቱም አንድ እርምጃ ብቻ ስትጨምሩለት ሌላ ፍጡር ይሆናል። ፊል ላይ ቀጥታ አንድ ቤት መራመድን ጨምሩ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። አሁን ስምንት አቅጣጫ አለው ልክ እንደ ፈረስ፣ የቦርዱን ቤት በሙሉ መድረስ ይችላል፣ ካጠገቡ ይጠብቃል፣ በጠጠር ላይ ዘሎ ይበላል። ጃፓኖቹ ቹ ሾጊ ውስጥ ፊኒክስ የሚሉት ይሄንኑ ነው። መንታው ኪሪን ይባላል፣ በሰያፍ አንድ፣ ወይ ቀጥታ ሁለት ዘሎ፣ እሱ ግን ከአንድ ቀለም አይወጣም። ሁለቱን ንጉሱ ፊት ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው የአንዱን ክፍተት አንዱ ይሸፍነዋል፣ እንዴት ያለ ውብ ስራ ነው።

ቻይናዎቹ ደሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። የሺያንግቺ፣ የነሱ ቼዝ ማለት ነው፣ ዝሆን በሰያፍ ሁለት ነው የሚሄደው፣ ቦርዱን መሀል ላይ የሚከፍለውን ወንዝ መሻገር አይችልም፣ መሀሉ ከተዘጋበትም አይዘልም፣ ቦርዱ ላይ የሚደርስባቸው ነጥቦች 7 ብቻ ናቸው። ግን ማንም የሺያንግቺ ተጫዋች ዝሆኑን አይንቅም፣ ስራው ጄኔራሉን፣ የነሱን ንጉስ፣ መጠበቅ ነው፣ ያንን ስራ ደሞ ይሰራዋል። ለኔ ከዚህ የወጣው ነገር ይሄ ነው፣ አጭር ጠጠር ስራ ይፈልጋል። ወይ ቤቱ ንጉሱ ጋ ይሁን፣ ወይ አራቱ መስመር ጫፍ ላይ ይቁም፣ መሀል ሜዳ ሰባት ቤት ርቆ ከኋላ የሚቆም አጭር ጠጠር ግን ቦርዱ ላይ ባይኖር ይሻላል።

እዚህ ጋ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፣ "ፈረሱንስ ምን አደረከው?" አለኝ። ፈረሱን ጋላቢ አደረኩት። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ እንግሊዛዊው ቲ አር ዶውሰን በ1925 ያመጣው ነው፣ እንግሊዞቹ ናይትራይደር ይሉታል፣ ፈረስ ሆኖ በዛው አቅጣጫ ዝላዩን የሚደጋግም፣ ያረፈበት ቤት ባዶ ከሆነ ይቀጥላል። ትልቅ ቦርድ ላይ እንደ ሩክ አብሮ ያድጋል፣ ለዛ ነው የምወደው። ግን የት ታስቀምጡታላችሁ? ይሄን በዝርዝር ላሳያችሁ ምክንያቱም ዲዛይን ማለት እዚህ ነው። ሲ2 ላይ አስቀመጥኩት በሉ (ፊደሉ አምዱ ነው፣ ከኤ እስከ ኤን፣ ቁጥሩ መስመሩ ነው)። ዲ4 ባዶ ከሆነ፣ ወደ ኢ6፣ ኤፍ8፣ ጂ10፣ ማለትም ገና ማንም ሳይንቀሳቀስ የተቃራኒውን መሀል ወታደር ይዞታል። ጓደኛውን ኤል2 ላይ ብታስቀምጡት ኬ4፣ ጄ6፣ አይ8፣ ኤች10፣ ሌላኛውን መሀል ወታደር። ጨዋታው ሳይጀመር ሁለት ወታደር ታነቀ። አሁን ወደ 1ኛ መስመር አውርዱት። ሲ1፣ ዲ3፣ ኢ5፣ ኢ5 ላይ የራሱ ወታደር አለ፣ ቆመ። ጠፍጠፍ ባለው አቅጣጫም፣ ሁለት ወደ ጎን አንድ ወደፊት፣ ብትሄዱ መስመር በመስመር ነው የሚወጣው፣ 5ኛው ላይ የራሱ ወታደር ይጠብቀዋል። አያችሁ? ጎዶሎ ቁጥር ያለው መስመር ላይ ሲቆም በራሱ ወታደር ይታጠራል፣ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4) ላይ ሲቆም የወታደሩን መስመር ዘሎ ያልፋል። አንድ መስመር ነው ልዩነቱ፣ ጨዋታው ግን ሌላ ይሆናል። እኔ 1ኛ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ አንድ ወታደር ሲነሳ መንገዱ ይከፈትለታል፣ እናም ተጫዋቹ የትኛውን ወታደር መቼ እንደሚያነሳ ማሰብ ይጀምራል።

ግመሎችም አሉኝ፣ ሶስት ቀጥታ አንድ ወደ ጎን የሚዘሉ፣ ከቆሙበት ቀለም ስለማይወጡ አንዱን ጥቁር አንዱን ነጭ ላይ ማስጀመር ግድ ነው። መድፍም ከሺያንግቺ ወስጃለው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ስለ መነሻ አሰላለፍ ካነሳሁ አይቀር የካፓብላንካን ልንገራችሁ። ሆዜ ራውል ካፓብላንካ ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሰው፣ በ1920ዎቹ ቼዝ ይስፋ ብሎ ከጎን 10 ወደ ላይ 8 የሆነ ቦርድ አቀረበ፣ ሁለት አዲስ ጠጠር ጨመረ፣ ሩክና ፈረስ የተዋሃደበት ቻንስለር፣ ቢሾፕና ፈረስ የተዋሃደበት አርችቢሾፕ። የታወቀው አሰላለፍ ከግራ ወደ ቀኝ ሩክ፣ ፈረስ፣ አርችቢሾፕ፣ ቢሾፕ፣ ንግስት፣ ንጉስ፣ ቢሾፕ፣ ቻንስለር፣ ፈረስ፣ ሩክ ነው። አሁን ወታደሮቹን አንድ በአንድ ማን እንደሚጠብቃቸው ፈትሹ። ዘጠኙ ጠባቂ አላቸው። የአይ (I) አምድ ላይ ያለው ግን፣ ፈረሱ ፊት የቆመው፣ ማንም የለውም። ቻንስለሩ በሩክነቱም በፈረስነቱም አይደርስበትም፣ ሩኩ አይደርስበትም፣ ቢሾፑ ሌላ ሰያፍ ላይ ነው። ነጭ በመጀመሪያ እንቅስቃሴው የዲ (D) አምድን ወታደር ወደ ፊት ሲያነሳ የአርችቢሾፑ ሰያፍ ይከፈታል፣ ሲ1፣ ዲ2፣ ኢ3፣ ኤፍ4፣ ጂ5፣ ኤች6፣ ቀጥ ብሎ አይ7። ጥቁር ካላየው በሚቀጥለው ተራ አርችቢሾፑ አይ7 ገብቶ ወታደሩን ይበላና ከዛው ሆኖ ቻንስለሩን፣ ሩኩንና ቢሾፑን ባንዴ ይይዛል፣ እሱን ደሞ ሊበላው የሚችል ማንም የለም። የዓለም ሻምፒዮን ስም ያለበት አሰላለፍ ነው ይሄ። አስር ወታደር ላይ እንዲህ ካመለጠ አስራ አራት ላይ ምን ሊያመልጥ እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ የትም ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዱ ወታደር ጠባቂ እንዳለው፣ ከዛ አንድ ወታደር ሲነሳ የትኛው መስመር እንደሚከፈት ጻፉት፣ አሰልቺ ነው፣ ግን አሰልቺውን ክፍል ያልሰራ ሰው ጨዋታ አልሰራም።

የጠጠር ዋጋ ላይ ደሞ ጆሯችሁን አትመኑ። አርችቢሾፕ ሲታሰብ ቢሾፕ 3 ፈረስ 3፣ ድምሩ 6 ነገር ይመስላል አይደል፣ ፌሪ ማክስ የሚባለውን ቼዝ የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሰራው ኤች ጂ ሙለር ኮምፒውተሩን ከራሱ ጋር ደጋግሞ አጫውቶ ሲለካው ከቻንስለር ብዙም የማያንስ ሆኖ አገኘው፣ ቻንስለር ደሞ ለንግስት በጣም ቅርብ ነው። ሁለት ደካማ ነገር ሲጋጠም አንዱ የሌላውን ጉድለት ከሸፈነ ከድምሩ በላይ ይወጣል፣ ቅድም ፊል ላይ ያየነው አይነት ማለት ነው። ሌላም አለ፣ በተለመደው ቦርድ ላይ ሁለቱም ንጉስና ወታደሮቻቸው እንዳሉ ሆነው አንዱ ወገን ሶስት ንግስት ሌላው ሰባት ፈረስ ይያዝ። በነጥብ 27 ለ21፣ ንግስቶቹ መብለጥ አለባቸው፣ የሚያሸንፉት ግን ፈረሶቹ ናቸው። ንግስት በፈረስ የተጠበቀ ቤት ላይ ማረፍ አትችልም፣ ፈረስ ግን ንግስት የምትጠብቀው ቤት ላይ ጓደኛው ካለ ያለ ጭንቀት ያርፋል፣ ፈረሱ ሲበዛ ንግስቶቹ የሚያርፉበት ቤት ያጣሉ። ይሄን ትልቅ ቦርድ ላይ አስገቡት፣ ደካማ ጠጠር ብዙ ከሆነ ኃይለኛው በራሱ ልጓም ይገባለታል፣ እናንተ በህግ ማሰር አያስፈልጋችሁም። ለዛ ነው አጭር ጠጠሮች አይውጡ ብዬ የምከራከረው።

አንበሳውን ሳላነሳ ባልፍ ደሞ አይሆንም። የቹ ሾጊ አንበሳ በአንድ ተራ ሁለት የንጉስ እርምጃ አለው፣ ሁለት ጠጠር መብላት ይችላል፣ አጠገቡ ያለውን በልቶ ወደ ቦታው መመለስ ይችላል፣ ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ማረፍም ይችላል። ያን ያህል ኃይል ያለው ነገር ቦርድ ላይ ስታስቀምጡ ሁለቱም ተጫዋቾች በቶሎ ተለዋውጠው መገላገል ይፈልጋሉ፣ አንበሳ ለአንበሳ፣ ከዛ ጨዋታው ነፍሱ ወጣ። እነሱ ምን አደረጉ? በመሰረቱ አንበሳ ከራሱ ራቅ ብሎ የቆመን የተጠበቀ አንበሳ እንዳይበላ ከለከሉ፣ ሁለቱም አንበሶች ቦርዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። እኔ ከየትም ካነበብኳቸው ህጎች በሙሉ ይሄን ነው በጣም የማደንቀው። በሌላ በኩል ቴንጂኩ የሚባል 16 በ16 አለ፣ እሱ ውስጥ የእሳት ጋኔን የሚባል ጠጠር ያረፈበት አካባቢ ያለውን ጠላት በሙሉ ያቃጥላል፣ ያ ግን ጨዋታውን ገና ከመክፈቻው ይወስነዋል፣ ለያንዳንዱ ወገን 78 ጠጠር ተደርድሮ የአንዱ ፍጥነት ሁሉንም ሲበላው ለኔ ያሳዝናል፣ እኔ አንበሳውን እመርጣለው።

ከኋላ አንዲት ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ጥሩ ነበር፣ "ቦርዱ እንዲህ ከሰፋ ንጉሱ ሮጦ አያመልጥም ወይ?" መሀል ጨዋታ ላይ አያመልጥም፣ ረጃጅም ጠጠሮች ስላሉ የትም ቢሄድ ይደርሱበታል። ችግሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ጠጠር ሲያልቅና ሜዳው ገላጣ ሲሆን። የሺያንግቺ መፍትሄ ጄኔራሉን 3 በ3 ግቢ ውስጥ መዝጋት ነው። ቹ ሾጊ ደሞ እንደውም ያከብደዋል፣ አንዱ ጠጠር አድጎ ልዑል ይሆንና ንጉሱንም ልዑሉንም ካልያዛችሁ አታሸንፉም። እኔ የመረጥኩት ወታደሩን ቶሎ ማሳደግ ነው። የኔ ወታደር እስከ 14ኛው መስመር መሄድ አይጠበቅበትም፣ የተቃራኒው ወታደሮች የተነሱበት 10ኛው መስመር ላይ ሲደርስ ያድጋል፣ ከ5 እስከ 10 አምስት እርምጃ ነው፣ በተለመደው ቼዝ ከ2 እስከ 8 ስድስት ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ሁሌም አንድ ረጅም ጠጠር ይወለዳል፣ ንጉሱን የሚያስቆመው እሱ ነው።

ሌላው የተጠየቅኩት ይሄን ሁሉ ጠጠር ማን ያስታውሰዋል የሚል ነው። ትክክል ነው፣ ስለዚህ በቤተሰብ ስሯቸው። የኔ ጠጠሮች አራት ነገር ነው የሚያደርጉት፣ ይራመዳሉ፣ ይዘላሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ ወይ ዘለው ይንሸራተታሉ፣ አዲስ ጠጠር ስታዩ ከነዚህ የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ቀሪው አቅጣጫ ብቻ ነው። አቅጣጫውን ደሞ ራሱ ጠጠሩ ላይ እስለዋለው። ለሙከራ የምጠቀመው የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው፣ ዳማ በሱ ያላደገ ማን አለ፣ 96 ቆርኪ መሰብሰብ አይከብድም፣ ውስጡ ላይ ክብ ወረቀት ለጥፋችሁ በነጠብጣብ ዝላዩን በመስመር መንሸራተቱን ትስላላችሁ፣ ቦርዱ ደሞ ፍሊፕ ቻርት ላይ በማርከር ይሰመራል። ቀለም መቀባትም አያስፈልግም፣ የድሮው ሰንጠረዥ ጨርቅ ራሱ መስመር ብቻ ነበር ያለው፣ ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም። አንድ ጠጠር ላይ ተጫዋቹ ሁለት ሶስት ጨዋታ ተጫውቶም ስእሉን ደጋግሞ ካየ ያ ጠጠር ይወጣል፣ ምንም ያህል ብወደው ይወጣል። ቀጭኔ በዚህ ምክንያት ወጥቷል።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው የጠየቁት፣ "ልጄ፣ አራት መስመርም ይሁን ስንት፣ ይሄን ሁሉ ሰራዊት ተራ በተራ እያንቀሳቀሱ አሰልፎ እስኪጨርሱ አይመሽም ወይ?" አሉኝ። ይመሻል አባቴ፣ ልክ ነዎት፣ 34 ጠጠር ከወታደሮቹ ጀርባ ተቆልፎ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ሀያ ሰላሳ እንቅስቃሴዎች እያንዳንዱ የራሱን ቤት ሲያስተካክል ነው የሚያልቁት። ሰው ለዚህ የሚያመጣው መፍትሄ በአንድ ተራ ሁለት እንቅስቃሴ መፍቀድ ነው፣ እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት ከራሳችን ሰንጠረዥ ነው፣ ከወረራ። ሰንጠረዥ ላይ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እኩል እንደፈለጉት በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን እያየ ይቀይራል፣ መጀመሪያ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ከዛ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። እስከማውቀው ድረስ ትልቅ ቼዝ ላይ ያስገባው ሰው አላየሁም፣ ትልቅ ቦርድ የሚፈልገው ግን ይሄንኑ ነው። እኔ ጋ እንዲህ ነው የሚሰራው፦ በወረራ ጊዜ ሰራዊቱ የሚሰለፈው እስከ 7ኛው መስመር ድረስ ነው፣ የተቃራኒውም እስከ 8ኛው፣ አንዱ መሀሉን የተሻገረ ጊዜ ወይ የመጀመሪያው ጠጠር የተበላ ጊዜ ወረራው ያበቃል፣ ተራው ደሞ የተሻገረበት ወይ የተበላበት ሰው ነው። ማንም ቀድሞ መሻገር ስለማይፈልግ ሁለቱም በቂ እስኪሰለፉ ይጠብቃሉ፣ አንዱ ግን የሌላው አሰላለፍ ላይ ክፍተት ካየ ወዲያው ይገባል። የቆርኪውን ሴትና የአሰላለፉን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለው፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁጭ በሉና ወረራውን ብቻ ሞክሩልኝ፣ በተለይ ጋላቢው ከሲ1 መቼ እንደሚወጣ ማየት እፈልጋለው።